አካሏ ይቅደም፦ ከጥቂት ዕቃ ስለሚሠሩ ትንንሽ ሮቦቶች

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ? ወላጆች፣ መምህራን፣ ከፊት የተደረደራችሁ ልጆች፣ ሁላችሁም እንኳን በደህና መጣችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ነገር ተቀምጣለች። ከኋላ ያላችሁ ላታዩዋት ትችላላችሁ። የክብሪት ሣጥን ታህላለች። ሁለት ጎማ አላት። ጀርባዋ ላይ የሶላር ቁራጭ ተሸክማለች። አሁን ቆማለች። የሞተች ትመስላለች። ግን አልሞተችም፤ ጉልበት እያጠራቀመች ነው። እኔ ሳወራ በየመሃሉ ወደ ፊት ፈትለክ ትላለች። ያያት ሰው እጁን ያውጣ። ንግግሬን ብታቋርጡኝ ቅር አይለኝም።

ባትሪ የላትም። ኮምፒውተር የላትም። አንድ መስመር ኮድ አልተጻፈላትም። ዕቃዎቿ ስንት ይመስሏችኋል? ሰባት። ጎማዋንና ሽቦዋን ሳንቆጥር፣ ሰባት ብቻ። ዛሬ የመጣሁት እንዲህ ስላሉ ፍጥረቶች ለማውራት ነው።

ሦስት ጉዳይ ይዣለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ በእጃችን ምን መሥራት እንችላለን? ሦስተኛ፣ እምቢ ሲለን ምን እናድርግ? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። የምወደው እሱን ነው።

በቅድሚያ ግን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። እኔ ሮቦት መሥራት የጀመርኩት ከላይ ነው። እጅ ያለው፣ ካሜራ ያለው፣ ሲጠሩት የሚመጣ ሮቦት አሰብኩ። ደብተር ላይ ሣልኩት። ለየጣቱ ሞተር መደብኩለት። ገና ጎማ ሳይኖረው ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ አወራሁ። ጓደኞቼ «ደረሰ?» ይሉኛል። «እየደረሰ ነው» እላለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን መሬት ላይ አስቀምጬ አበራሁት። ባለበት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዝም አለ። ሞተሮቹ ክብደቱን አልቻሉትም። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ ነበረብኝ። ያወቅኩት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በጣም አዘንኩ። ዕቃውን በካርቶን ከትቼ ከአልጋ ሥር ገፋሁት።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ ቤቴ መጣ። ከኪሱ የጥርስ ብሩሽ ራስ አወጣ። እጀታው ተቆርጧል። ጀርባው ላይ ከአሮጌ ሞባይል የወጣ የንዝረት ሞተር ተለጥፏል። አጠገቡ አንድ ክብ ባትሪ አለ፣ የሰዓት ባትሪ የምንለው ዓይነት። ሽቦውን ባትሪው ላይ አጣብቆ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። እንደ ጢንዚዛ ሮጠ! ስኒው ጋ ሲደርስ ዞረ። ዳቦው ሥር ገብቶ ወጣ። ወዳጄ «ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለህ? ሩብ ሰዓት» አለኝ።

እኔ ሁለት ዓመት። እሱ ሩብ ሰዓት። የእሱ ይሄዳል፣ የእኔ አይሄድም።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነበር፣ እስከ ዛሬም እሱን ነው የምናገረው። አካሏ ይቅደም። መጀመሪያ የምትንቀሳቀስ ነገር ትኑረን። ደካማም ትሁን፣ አስቀያሚም ትሁን፣ ብቻ ትንቀሳቀስ። አእምሮ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አእምሮ ነው ያልነው ነገር አካሏ ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን።

እሺ፣ አንደኛው ጉዳይ። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1948 እና 1949፣ ብሪስቶል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ግሬይ ዋልተር የሚባል የአእምሮ ተመራማሪ ነበር። ሥራው በሰው አእምሮ ውስጥ የሚተላለፈውን ኤሌክትሪክ መመዝገብ ነው። ይህ ሰው ሁለት ኤሊዎች ሠራ። ኤልመርና ኤልሲ ብሎ ስም አወጣላቸው። ትራንዚስተር፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙውን የሚቆጣጠር ትንሽ ዕቃ፣ ገና ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሰው እጅ አልገባም ነበር። ስለዚህ የተጠቀመው በድሮ ሬዲዮ ውስጥ የነበረውን የመስታወት ቫልቭ ነው። ለአንዲት ኤሊ ስንት ቫልቭ? ሁለት። አንድ የብርሃን ዓይን። ሲነካ የሚያውቅ አንድ ቅርፊት። አንድ የመንጃ ሞተር፣ አንድ የመሪ ሞተር። በቃ።

ኤሊዎቹ ምን አደረጉ? ወደ ብርሃን ሄዱ። ብርሃኑ ሲበዛባቸው ሸሹ። ባትሪያቸው ሲደክም ደግሞ ያው የሸሹት ኃይለኛ ብርሃን ይስባቸው ጀመር። መብራት ወዳለበት ቤታቸው ገብተው ቻርጅ ይደረጋሉ። «ሲርብህ ቤትህ ግባ» ብሎ ያዘዛቸው የለም። ሁሉም ከሁለት ቫልቭ ነው የወጣው።

የምወደው ግን የመስታወቱ ታሪክ ነው። ኤሊዋ ፊቷ ላይ ትንሽ አምፖል ነበራት። ዓይኗ ብርሃን ሲያገኝ ያ አምፖል ይጠፋል። መስታወት ፊት ስትቆም የራሷን አምፖል ታያለች። ስታየው ይጠፋል። ሲጠፋ የምታየው ብርሃን የለም፣ ስለዚህ እንደገና ይበራል። እንደገና ታየዋለች። እንዲህ እያለች መስታወቱ ፊት ትወዛወዝ ነበር። የምትጨፍር ትመስላለች። ሰዎች ሲያዩ «ራሷን አወቀች» ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አንድ አምፖል፣ አንድ ዓይን፣ አንድ መስታወት!

ከዚያ በ1984 ቫለንቲኖ ብራይተንበርግ የተባለ ሌላ የአእምሮ ተመራማሪ መጣ። እሱ በሐሳቡ ብቻ ትንንሽ መኪኖች ሠራ። ሁለት ዓይን፣ ሁለት ሞተር። ሽቦውን እንዲህ ብታስሩት ብርሃን የሚፈራ ፍጡር ይሆናል፣ እንዲያ ብታስሩት ብርሃን የሚያጠቃ ይሆናል አለ። ወደዚህ እመለሳለሁ፣ ያዙልኝ።

ቀጥሎ ሮድኒ ብሩክስ። አሜሪካ፣ ኤምአይቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ሮቦቶች የክፍሉን ካርታ በኮምፒውተር ሠርተው፣ አስበው፣ አቅደው ነበር የሚንቀሳቀሱት። አንድ እርምጃ ለመሄድ ረጅም ጊዜ ይቆማሉ። ብሩክስ ካርታ ለምን አስፈለገ አለ። ዓለሙ ራሱ ሮቦቷ ፊት አለ፤ ዳሰስ እያደረገች ትሂድ። በ1989 ጌንጊስ የተባለ ባለ ስድስት እግር ሮቦት ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። ትልቅ ዕቅድ የሌለው፣ ግን እንቅፋት የሚሻገር ነፍሳት መሰል ፍጡር።

እና አንድ የካናዳ መሐንዲስ፣ ማርክ ቲልደን፣ የብሩክስን ንግግር ሰማ። ልብ በሉ፣ ንግግር ሰምቶ ነው የጀመረው! እሱ ደግሞ አንድ እርምጃ ቀጠለ። ኮምፒውተሩን ጨርሶ ብናወጣውስ አለ። ከተጣሉ ካሴት ማጫወቻዎች ሞተር፣ ከካልኩሌተር ሶላር እያወጣ የሚሄዱ፣ የሚሳቡ፣ የሚዘሉ ነገሮች ሠራ። አሠራሩን ቢም ብሎ ጠራው። ስሙ የአራት ቃላት መጀመሪያ ነው፤ ሥነ ሕይወት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ውበት፣ መካኒክስ። ውበትን መሃል ማስገባቱን እዩልኝ። ሥራዬን የለወጠችው ያቺ አንድ ቃል ናት። ከዚያ በፊት ሽቦ ዝም ብዬ እጎነጉን ነበር። አሁን ሽቦዋ ራሷ እግሯም አጥንቷም ትሆናለች። ቲልደን ኋላ ላይ በ2004 ገበያ የወጣውን ሮቦሳፒየን የተባለውን መጫወቻ ሮቦት ነድፏል። ብዙ ልጆች ቤት የገባ መጫወቻ ነው፤ መነሻው ግን ያ የተጣለ ካሴት ማጫወቻ ነው።

ይኸው! እጅ አየሁ። ዘለለች አይደል? ምን ያህል ሄደች? አንድ ጣት ያህል? ጎበዝ። እንግዲህ እንደገና እያጠራቀመች ነው።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንሂድ። ምን እንሥራ?

የጥርስ ብሩሿን ነግሬአችኋለሁ። ለትንንሾቹ እሷ ትበቃለች። ግን ወላጆች፣ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ያ ክብ ባትሪ ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። በሁለት ሰዓት! ሥራው ሲያልቅ ባትሪዎቹን ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ፈልጉ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ሩጡ።

ቀጥሎ ጢንዚዛዋን ሥሩ። ትራንዚስተር እንኳ የላትም። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ትንንሽ የድንጋይ ባትሪ፣ ባለ ሦስት እግር ሁለት ስዊች። ስዊቾቹ ላይ እንደ ጢንዚዛ ቀንድ ረዘም ያለ ቀጭን ሽቦ ታስራላችሁ። ምስጢሩ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ሁለቱን ባትሪ በተከታታይ ታያይዛላችሁ። ከዚያ ከመካከላቸው፣ ከሚጋጠሙበት ቦታ፣ አንድ ሽቦ ታወጣላችሁ። መሃሉን ዜሮ በሉት። በአንድ በኩል ፖዘቲቭ 1.5 ቮልት፣ በሌላ በኩል ኔጋቲቭ 1.5 ቮልት አገኛችሁ። የሞተሩ አንድ ጫፍ ከመሃሉ ጋር ይታሰራል። ሌላው ጫፍ ስዊቹ ጋ ይሄዳል። ስዊቹ ሳይነካ ሲቀር ፖዘቲቩን ያገናኛል፣ ሞተሩ ወደ ፊት ይዞራል። ሲነካ ኔጋቲቩን ያገናኛል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የግራ ቀንዷ ግድግዳ ቢነካ የትኛው ሞተር ወደ ኋላ ይዙር? አስቡበት። የግራው? አይደለም። የቀኙ ነው። የቀኙ ወደ ኋላ፣ የግራው ወደ ፊት ሲዞር ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ከግድግዳው ትርቃለች። የግራ ስሜት የቀኝ እግርን ያዛል ማለት ነው።

ይህን «ማሰብ» እንበለው ወይስ አንበለው? እኔ ሙግት ውስጥ አልገባም። ግን ጢንዚዛዋን ወንበሮች መሃል ልቀቋትና ለአምስት ደቂቃ እዩዋት። ጥግ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ታያላችሁ። ወዲያ ስትል ወዲህ ስትል መውጫ ታገኛለች። ያዩዋት ልጆች ሁሉ ስም ያወጡላታል። ስም ሳያወጣ የሄደ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጢንዚዛዋ በኋላ ብርሃን ተከታይዋ ትመጣለች። ያዙልኝ ያልኳችሁ የብራይተንበርግ ሐሳብ እዚህ ነው። ለዓይን የሚሆነን በብርሃን የሚለወጥ ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ ነው። የሚገታው መጠን በጨለማ አንድ ሚሊዮን ኦም ገደማ ይሆናል፣ በደማቅ ብርሃን ወደ ጥቂት መቶዎች ወይም ሺህዎች ይወርዳል። ዓይኑ ቤዝ በሚባለው የትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ትራንዚስተሩ ለሞተሩ ብዙ ያሳልፋል። ቁጥሩ 2ኤን2222 የሆነው ትራንዚስተር ለትንሽ ሞተር ይሆናል። ሁለት ዓይን፣ ሁለት ትራንዚስተር፣ ሁለት ሞተር። ግራ ዓይን ከቀኝ ሞተር፣ ቀኝ ዓይን ከግራ ሞተር ሲታሰር ወደ ብርሃኑ ትዞራለች። ሽቦው ሳይሻገር ግራ ከግራ፣ ቀኝ ከቀኝ ሲታሰር ከብርሃኑ ትሸሻለች።

አንድ ጊዜ ልጆችን ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረች፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። የእሷ ሮቦት ባትሪ መብራት ባሳዩዋት ቁጥር ዞራ ትሄዳለች። የሌሎቹ ልጆች ሮቦቶች መብራቱን እየተከተሉ ይሮጣሉ። እኔም «ሽቦውን አሳስተሻል የእኔ ልጅ፣ አምጪ ላስተካክልልሽ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ። ሮቦቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። «አትንካት። ጨለማ የምትወድ ናት» አለችኝ። ከዚያ የጫማ ካርቶን አምጥታ በር ቀደደችለት። መብራቱን ስታበራ ሮቦቷ እየዞረች፣ እየዞረች፣ ካርቶኑ ውስጥ ገብታ ቆመች። ክፍሉ በሙሉ ተሰበሰበ። ሁሉም ልጅ ሽቦውን መገልበጥ ጀመረ!

ያን ቀን እጄን ባልዘረጋ እላለሁ። መምህራን፣ ይህን ለእናንተ ነው የምናገረው። ልጅ የሠራው ነገር ከሥዕሉ ቢለይ ቶሎ «ስህተት» አትበሉ። መጀመሪያ አብራችሁ እዩት። ምን እያደረገ ነው? ለምን ያደርገዋል? እስቲ በብዕር ሣዪው በሏት። ሽቦው የት እንደሄደ ራሷ ትደርስበታለች።

አሁን ወደዚህች ወደ ጠረጴዛዋ ልጃችን እንምጣ።

የሶላር ቁራጭ ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ሞተር አያዞርም። ታዲያ እንዴት ትንቀሳቀሳለች? ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ አስቡ። በጠብታው ሳህን አታጥቡበትም። ባልዲ ብታስቀምጡበትስ? ሲሞላ አንስታችሁ በአንድ ጊዜ ትደፉታላችሁ። የእኛ ባልዲ ካፓሲተር ነው። የዚህችኛዋ 4700 ማይክሮፋራድ ነው። በ3 ቮልት ሲሞላ የሚይዘው ጉልበት 0.02 ጁል ገደማ ነው። ምን ያህል ነው? መቶ ግራም ዕቃ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ለመዝለል ይበቃል።

ባልዲው መሙላቱን ማን ያውቃል? ማንስ ይደፋዋል? እዚህ ላይ ነው ውበቱ። ራሱ ብልጭ ድርግም የሚል ኤልኢዲ፣ ትንሽ መብራት፣ አለ። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ዝም ይላል። በቂ ሲሆን ብልጭ ይላል። ያ ብልጭታ አንዱን ትራንዚስተር ይቀሰቅሰዋል። አንደኛው ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ሞተሩን ይከፍታል፤ በዚያው በአንድ ሬዚስተር በኩል ተመልሶ የመጀመሪያውን እንዳይተኛ ይይዘዋል። እንዲህ ተያይዘው ባልዲው እስኪጎድል ይቆያሉ። ሲጎድል ሁለቱም ይለቃሉ። እንደገና ጠብ ጠብ። እስቲ ቁጠሩልኝ፤ ሶላር፣ ካፓሲተር፣ ኤልኢዲ፣ ሁለት ትራንዚስተር፣ ሬዚስተር፣ ሞተር። ሰባት።

ፀሐይ ላይ ሶላሩ 10 ሚሊአምፕ ቢሰጥ ባልዲው ለመሙላት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ቤት ውስጥ ግን የሚሰጠው መቶ እጥፍ ቢቀንስ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ለዚህ ነው እዚህ መብራት ሥር የምታዘግመው።

ሞተሯን ስለማግኘት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ልጅ እያለሁ የታላቅ ወንድሜን የተበላሸ ካሴት ማጫወቻ ፈታሁ። ሞተሩን አወጣሁ። ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ንቅንቅ አይልም። ተቃጥሏል ብዬ ጣልኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የገባኝ። ብዙዎቹ የካሴት ሞተሮች ውስጣቸው ፍጥነት የሚቆጣጠር ትንሽ ሰርኪት አላቸው፤ ዘፈኑ እንዳይፈጥን እንዳይዘገይ። በዝቅተኛ ቮልቴጅ እነሱ አይነሱም። ያ ሞተር ጤነኛ ነበር! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለሶላር የሚሆን ሞተር ስትፈልጉ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ፍቱ። ከነሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ቮልት ባልሞላ ኃይል የሚዞር ለስላሳ ሞተር ታገኛላችሁ። ዘንጉን በጣታችሁ አዙሩት። ሳይጎረብጥ ከዞረ ያዙት።

ስለምትራመደዋም ሳልናገር አላልፍም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እንሰማለን። እኔ ይህን ተረት በእጄ ያየሁት ሁለት ሞተርና አንድ ቺፕ ባላት ባለ አራት እግር ላይ ነው። ቺፑ 74ኤችሲ240 ይባላል። ውስጡ የሚገለብጡ ስምንት በሮች አሉ፤ አንድ ሲገባ ዜሮ ያወጣሉ፣ ዜሮ ሲገባ አንድ። ሁለቱን በካፓሲተርና በሬዚስተር አፍና ጅራት ስታያይዟቸው ተራ በተራ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። እንደ ትንፋሽ። ይህን ምት ለፊት እግሮች ትሰጣላችሁ። ሌላ ጥንድ በሮች ዘግየት ብለው ይከተሉታል፣ ለኋላ እግሮች። መራመድ ይህ ነው።

ኤሌክትሮኒክሱ በአንድ ቀን አለቀልኝ። እግሯን ማጠፍ ግን ሳምንታት ወሰደ። መጀመሪያ ባለችበት ትወዛወዝ ነበር። የፊቱን እግር ትንሽ ባጥፈው ወደ ኋላ ሄደች። የኋላውን ባሳጥረው በጎን ሄደች። ማታ ማታ ጉጠት ይዤ አንድ ሚሊ ሜትር፣ አንድ ሚሊ ሜትር አጠፋለሁ። አንድ ሌሊት ምንጣፉ ላይ ተነስታ ሄደች። አራት እርምጃ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከኋላ ከኋላ እከተላታለሁ። ኮዱ የት ነበር? ሽቦው እጥፋት ውስጥ ነበር። አካሏ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ፣ እምቢ ሲለን። ይህን አጠር አደርገዋለሁ።

ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ፣ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እሱን የያዘው አርዱዊኖ የሚባል ሰሌዳ ከ2005 ወዲህ ለብዙ ሰው በር ከፍቷል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሦስት ሌሊት አቃጥሎኛል። ሮቦቴ ሁለት ሰከንድ ሄዳ ትቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ኮዱን አነበብኩ። ደግሜ ጻፍኩት። ደግሜ ደግሜ ጻፍኩት። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የባትሪው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ ቺፑም ኃይል አጥቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ቴስተር፣ ቮልቴጅ መለኪያውን፣ ባትሪው ላይ ብይዝ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ባየሁት ነበር። ስለዚህ ምን እላችኋለሁ? ቴስተር ይቅደም። ማንኛውንም ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት ቮልቴጁን ሞተሩ እየሠራ ለኩ። ሞተሩ ሲቆም የምትለኩት ቁጥር ያታልላል።

አንድ የአርዱዊኖ እግር፣ ማለትም ሽቦ የሚሰካበት ነጥብ፣ 20 ሚሊአምፕ ገደማ ነው እንዲሰጥ የሚመከረው። ሞተር ደግሞ ከዚያ እጅግ ብዙ ይፈልጋል። ሞተርን በቀጥታ አትሰኩበት፣ በትራንዚስተር አሳልፉት። ሞተሩ ላይ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እሰሩ፣ ሲጠፋ የሚመልሰው ምት ትራንዚስተሩን እንዳይገድለው።

የብየዳ ነገር። መስኮት ክፈቱ። ጭሱን አትሳቡ። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ የብየዳው እርሳስ እጅ ላይ ይቀራል። አሮጌ ዕቃ ስትፈቱ ደግሞ ምን እንደምትፈቱ እወቁ። ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ አትንኩ። ፍላሽ ያለው ካሜራም ቢሆን። እኔ ባትሪው ወጥቷል ብዬ አንዱን ከፈትኩ። የፍላሹ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ባትሪው ከወጣም በኋላ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ዘለለ። ጉጠቱ ግድግዳ ጋ ተገኘ። እኔ ተርፌአለሁ፤ ልጆች፣ እናንተ ግን አትሞክሩት። ሬዲዮ፣ ካልኩሌተር፣ ሲዲ ማጫወቻ፣ መጫወቻ መኪና ይበቃችኋል። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ፣ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ።

አንድ ወንድሜ ቅድም ሲገባ «ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በቁም ነገር ልመልስለት። ዕቃ ሲበላሽ ወደ ቆሻሻ የምንወረውረው ውስጡ ምን እንዳለ ስለማናውቅ ነው። ጢንዚዛ የሠራ ልጅ ግን የተጣለ ፕሪንተር ሲያይ የሚያየው ሞተር፣ ጊርና ዘንግ ነው። ሽቦው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። እኔ ያን ዓይን ነው የምፈልግላቸው። ሥራ ያገኛሉ አያገኙም፣ መሐንዲስ ይሆናሉ አይሆኑም፣ እሱ በኋላ ይታያል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልተወው፣ እጃችን ይሥራ። በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ጢንዚዛዎቹ አሉ። ስዊቹም ሽቦውም ተቆራርጦ ተዘጋጅቷል። ልጆች ከዚያ ጀምሩ። በግራ በኩል ብየዳ አለ። እዚያ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥልኝ። የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ አይቻችኋለሁ፣ ወደ እኔ ኑ፣ አብረን እንፈታዋለን።

ደግሞ እባካችሁ ከመስኮቱ አጠገብ ያላችሁ፣ መጋረጃውን ሳቡልኝ። ፀሐዩ ይግባ። እስከ ጥጉ፣ አዎ። ጠረጴዛው ጋ እንዲደርስ።

አያችሁ? አሁን እንደ ቅድሙ አይደለችም። ሌላ። ደግማ! አንቺ ከፊት ያለሽው፣ ቶሎ ያዢያት፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ደርሳለች።